የቅዳሜዋ መኪና

ሟቹን ሰዉ ሁሉ «ጋሽ አትነቃነቅ» እያለ ነበር የሚጠራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከካሜራው ጥቁር ጨርቅ ስር አንገቱን ብቅ እያደረገ ሙሽራውንም፣ ዳኛውንም፣ የሚያለቅሰውን ሕፃንም «አትነቃነቅ!» ሲል ኖሮ፣ ለራሱ በራሱ አፍ ስም አወጣ። ያን ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን በገዛ ግቢው፣ በድንጋይ አጥሩ ስር፣ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ደግሞ የገደለችው መኪና ቆማለች።

መርማሪው የመጣው በእግሩ ነው። መኪና ተልኮለት ነበር፤ «አመሰግናለሁ፣ እግሬ ገና አልተበላሸም» ብሎ መለሰው። በከተማው ያሉት መኪኖች ሰባት ብቻ ናቸው፤ ሰባቱንም እኩል የሚጠረጥር ሰው ቢኖር እሱ ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «ሻምበል እግረኛው» ይሉታል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ጥርጣሬው ምክንያት አግኝቷል። አንዲት መንገድ ጠራጊ በገበያው መንገድ ላይ በመኪና ተገጭታ ሞታለች። ገጪው አልቆመም፣ ያየው ሰውም አልተገኘም። ከቦታው የተገኘው አውራ ጣት የሚያህል፣ ሸንተረር ያለው የመብራት መስታወት ስባሪ ብቻ ነው። መርማሪው በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

የፖሊስ አዛዡ በሩ ላይ ጠበቀው። ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ሁልጊዜም የሚያልበው ሰው ነው።

«በከንቱ ደከምህ» አለው። «ነገሩ አልቋል። ሹፌሩ መኪናዋን ማርሽ ውስጥ እንዳለች ትቷት ሄደ። ሽማግሌው ላስነሳት ብሎ ከፊቷ ያለውን የሞተር ማስነሻ ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ሲያዞር ዘላ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው። ሹፌሩ ራሱ አምኗል።»

«አምኗል?»

«ያውም እያለቀሰ። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ፍርድ ቤት እልከዋለሁ። መኪና ሰው መፍጀት ጀምሯል፣ አንድ ሰው መቀጣጫ ይሁን ተብሏል።»

«ስንት ዓመት ይሆን?»

«ቢያንስ አሥራ አምስት።»

መርማሪው የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ አየ። «እንግዲያው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ልዙር» አለና ገባ።

የግቢው ነገር እንዲህ ነው። መኪና የሌለው ሁሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መታየት በሚያምረው ዘመን፣ ጋሽ አትነቃነቅ ከአንድ ባለመኪና ነጋዴ ጋር ተስማምቶ፣ መኪናዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ሹፌሩ በማለዳ አምጥቶ ያቆማታል፣ ሞተሯን ያጠፋል፣ በሩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ከአራት ሰዓት ጀምሮ አህያ እንኳ ነድቶ የማያውቅ ሁሉ እየመጣ መሪ ይጨብጥና ፎቶ ይነሳል። ሞተሩ ሲነሳ መኪናዋ ስለምትንቀጠቀጥ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በዚያ ግቢ ውስጥ ሞተር አይነሳም።

መርማሪው መኪናዋን ዞራት። አፍንጫዋ ወደ ድንጋዩ አጥር፣ ቀኝ ጎኗ ከነፊት መብራቷ ገደድ ብሎ ወደ ካሜራው ነው። የማርሹና የፍሬኑ ዘንጎች እንደዚያ ዘመን መኪኖች ሁሉ በቀኝ ጎኗ በኩል በውጭ ቆመዋል። ማኒቬላው ከፊቷ እንደተሰካ ነው። ከመኪናዋ ስድስት እርምጃ ርቆ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል። ከካሜራው ስር አንድ ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን፣ ፎቶ የሚቀረጽበት መስታወት የሚያዝበት፣ መሬት ላይ ወድቋል፤ ስስ ክዳኑ ተስቦ ወጥቶ ለብቻው ተጥሏል። መርማሪው ሁለቱንም አንሥቶ በጨርቅ ጠቀለላቸው። የሟቹን ኪስ ፈተሸ፤ ከማጉያ መነጽር በቀር ምንም የለም።

የመኪናዋ ኮፈን ላይ ሁለት አረንጓዴ የእጅ አሻራዎች አሉ።

«የማን እጅ ነው?»

«የኔ» አለ የተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጠ ሰው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ለፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይ ሐይቅና አምድ የሚስል ሠዓሊ ነው፤ እጁ እስከ አንጓው አረንጓዴ ነው። «መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጓሮ ቀለም እየበጠበጥኩ ሳለ ሞተሩ ጮኸ። ጓ! የሚል ሰማሁና ዝም አለ። ብሩሼን አጥቤ ስወጣ… ገፋኋት ሻምበል። በሁለት እጄ፣ በደረቴ ገፋኋት። ንቅንቅ አልል አለችኝ። እሱ ዓይኑን እንደገለጠ ነበር።»

«ማን አላቀቃት ታዲያ?»

«ጩኸቴን ሰምቶ ሹፌሩ እየሮጠ መጣ። ከጎኗ ያለውን ብረት አንዴ ጎተተውና በአንድ እጁ ገፋት። በአንድ እጁ! እኔ ለምን አላወቅኩም?»

መርማሪው እስኪረጋጋ ጠበቀው። «ይህችን መኪና ይጠሏታል ይባላል።»

«እጠላታለሁ። ሃያ ዓመት ሐይቅና አምድ ስስል ኖሬ፣ ይቺ ቆርቆሮ ከመጣች ወዲህ ሥዕሌ ፊት የሚቆም ሰው ጠፋ። ‹በተቃጠልሽ› ያልኳትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ይሄንንም ይጻፉት።»

መርማሪው ግን አልጻፈውም። የጻፈው «በሁለት እጁ ገፋት» የሚለውን ነው።

የሟቹ ሚስት ከጓሮ በኩል ባለው ክፍሏ፣ በመስኮቱ ስር፣ ዘንበል ባለች ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ሥራዋ ፎቶው የተቀረጸበትን መስታወት በሾለ እርሳስ ማስተካከል ነው፤ የከተማውን ሽበት፣ ሽፍታና ጠባሳ በሙሉ ያጠፋችው እሷ ናት ይባላል። አላለቀሰችም። እርሳሷን ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ። ጥቂት ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁኝ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ይሻለኛል።»

«ዛሬ ጧት ምን ሰሙ?»

«ሲቆጥር ሰማሁት። ‹አትነቃነቅ› አለ፤ ከዚያ እስከ ስድስት ቆጠረ። ደመና ነበር፤ ፀሐይ ሲሆን ከሦስት አያልፍም። ከዚያ ውሃ ከፍቼ መስታወት ማጠብ ጀመርኩ። ብዙ ሳይቆይ ሞተሩ ጮኸ።»

«ስንት ጊዜ ቆጠረ?»

«አንዴ ብቻ።»

«ለማን እንደቆጠረስ?»

«መስኮቴ ወደ ጓሮ ነው፣ አላየሁም።»

መርማሪው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የቅዳሜ ፎቶ ነው፤ ያቺው መኪና በየሳምንቱ፣ በየሳምንቱ የተለያየ ሰው ተሸክማ፣ በቀን ቅደም ተከተል ተደርድራለች። መጨረሻው አካባቢ ሁለት ሚስማሮች ባዶ ናቸው።

«እነዚህስ?»

«ሐሙስ ዕለት እሱ አወረዳቸው» አለች ከኋላው። «አንዱ የዛሬ አራት ሳምንት፣ አንዱ የዛሬ ሦስት ሳምንት የተነሱ ናቸው። ጎን ለጎን አድርጎ በማጉያ ሲያስተያያቸው ዋለ፤ ምሳም አልበላ። ‹ምን አገኘህ?› ብለው ‹ሰውየው ራሱ ይንገረኝ እንጂ እኔ በሰው ላይ አልፈርድም› አለኝ። ዛሬ ጧት ኪሱ ሲከታቸው አይቻለሁ።»

የመርማሪው እጅ ሳያስበው ወደ መሐረቡ ሄደ። መንገድ ጠራጊዋ የሞተችው በእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች መካከል ባለው ረቡዕ ነው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት ሻምበል» አለች። «ያ ሹፌር ከሬሳው አጠገብ እንዳይደርስ ያድርጉልኝ። ልጄ ብዬው ነበር። ባሌ ነው ዋስ ሆኖ ሥራ ያስገባው፤ ያስገባውን ሰው እንዲህ ያደርጋል? በሬሳው በኩል እንዳላየው።»

ሹፌሩ ጣቢያ ውስጥ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ጨምድዶ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ገደልኩት» አለ ገና ሳይጠየቅ።

«እንዴት አድርገህ?»

«ሁልጊዜ ማርሹን ፈትቼ፣ ፍሬኑን ይዤ ነው የምሄደው። ዛሬም ያደረግሁት ይመስለኛል። ግን ስደርስ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ነበረች፤ ፍሬኑም ተለቋል። ታዲያ ከኔ ሌላ ማን ነው? እጄ ረሳ። እጅ ይረሳል አይደል ሻምበል?»

«አንዱን ይረሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲረሳ ግን አላየሁም።»

ሹፌሩ አልሰማውም። «እትዬ ‹እንዳትነካው› አሉኝ። ልክ ናቸው።»

«ሻይ ቤት ሆነህ ማን ሲገባ አየህ?»

«ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም፤ መኪናዋን እጠብቃለሁ። ጌታዬ ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በእግራቸው ወጡ፤ ሱቃቸው ቅርብ ነው። ሌላ ሰው አልገባም።»

«የወጡት ከሞተሩ ድምፅ በፊት ነው በኋላ?»

«ሻይ ቤት ውስጥ ሸክላ ይዘፍን ነበር፣ ሞተሩን አልሰማሁትም። የሰማሁት የሠዓሊውን ጩኸት ነው።»

«ከሦስት ሳምንት በፊት ረቡዕ የት ነበርክ?»

ሹፌሩ ግራ ተጋባ። «ታምሜ ነበር። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ተኛሁ። ጌታዬ ‹መኪናዋ ተቆልፋለች፣ አታስብ› አሉኝ። ቅዳሜ ስነሳማ አዳዲስ የፊት መብራቶች ገዝተውላት አገኘሁ። ለምን ጠየቁኝ?»

«ለምንም አይደል» አለ መርማሪው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የፎቶ ቤቱን የእንጨት ሳጥን በእጅህ ይዘህ ታውቃለህ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ። ከካሜራው ፎቶ ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የማመላልሰው እኔ አይደለሁ?»

ባለመኪናው በጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። የመንጃ መነጽሩን ባርኔጣው ላይ ሰክቷል፤ መኪናዋ ባትኖርም መነጽሩ አይወርድም። መርማሪውን ሲያይ ብድግ አለ።

«ምን ጉድ ነው ሻምበል! መኪናዬ ሰው ትግደል? ያንን ሹፌር ‹ማርሽ ፈትተህ ሂድ› ብዬ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ!»

«ጧት ፎቶ ቤት ገብተው ነበር።»

«ገብቻለሁ። ፎቶ ልነሳ ፈልጌ። ‹ደመና ነው፣ ብርሃን የለም፣ ሌላ ቀን› አለኝ። መኪናዋ ላይ እንኳ አልወጣሁም፤ ቆመን ሁለት ቃል ተነጋግረን ወጣሁ።»

«ስለ ምን ተነጋገሩ?»

«ስለ አየሩ ነዋ! ሽማግሌው ሰላም ነበር። ሞተር ማስነሳት ያምረው ነበር፤ ብቻውን ሲሆን ሞከረ መሰለኝ። እግዜር ይማረው።»

«አሜን» አለ መርማሪውና ባርኔጣውን ደፋ።

መንገድ ላይ አዛዡን አገኘው። ሚስትየዋ የሰማችውን ቆጠራ፣ ነጋዴው የካደውን ፎቶ ነገረው። አዛዡ ላቡን ጠረገ። «ውሃ እያፈሰሰች የነበረች ሴት ‹ሰማሁ› ብትልህ ያን የመሰለ ሰው ልሰርልህ? ማስረጃ አምጣ። ስምንት ሰዓት አልፏል።»

መርማሪው የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ።

በጨለማው ክፍል ደፍ ላይ ጥቅሉን ፈትቶ ለሚስትየዋ ሰጣት። የተከፈተውን ፊት አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ሞቷል። ብርሃን በልቶታል። የመጨረሻ ሥራው ነበር።»

«ብርሃን ላይ ማን ይከፍተዋል?»

«የሙያው ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይከፍተውም።»

«ባለቤትዎ የሞቱት ማኒቬላው ዘንድ ነው፤ ሳጥኑ የተገኘው ካሜራው ስር። ስለዚህ ሌላ እጅ ከፍቶታል።» መርማሪው ሳጥኑን በእጇ ላይ ገለበጠው። «በዚህ በኩልስ ምንድን ነው?»

«ሁለት ፊት ነው ያለው፤ በዚህ አንድ፣ በዚያ አንድ መስታወት…» ቃሏ ተቋረጠ። ጣቷ ያልተከፈተው ክዳን ላይ ቀረ። «ጥቁሩ ወደ ውጭ ነው።»

«ማለት?»

«ክዳኑ አንድ ጎኑ ነጭ፣ አንድ ጎኑ ጥቁር ነው። ፎቶ ያልተነሳበት ከሆነ ነጩን ወደ ውጭ፣ የተነሳበት ከሆነ ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርገን ነው የምንዘጋው። እሱ ደግሞ አንዱን እንዳነሳ ወዲያው ሳጥኑን ገልብጦ ሁለተኛውን ያዘጋጃል፤ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል ብሎ አንዱን አያምንም። ሻምበል… የተቃጠለው ባዶው ነው። የተነሳው እዚህ ውስጥ ነው!»

በሩን ዘጋችው። ከቀይዋ ፋኖስ በቀር ምንም አይታይም። መስታወቱን አውጥታ ሳህኑ ውስጥ ወዳለው ፎቶ ማውጫ መድኃኒት አገባችው። አንዲት የብርሃን ክር ብትገባ የአንድ ሰው አሥራ አምስት ዓመት እዚያ ሳህን ውስጥ ይጠፋል።

በሩ ተደበደበ።

«ሻምበል! አዛዡ ‹ሹፌሩን ልጭነው ነው› ብለዋል! ይክፈቱ!» እጀታው መዞር ጀመረ።

መርማሪው በጀርባው በሩ ላይ ተለጠፈ። «ከነካኸው እጅህን እቆርጠዋለሁ! ሂድና አዛዡን ጥራ። ሹፌሩንም፣ ሠዓሊውንም፣ ባለመኪናውንም ይዘህ ና። እዚሁ ግቢ!»

እጀታው ተመለሰ። ሳህኑ ውስጥ ሰማዩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ፣ መጀመሪያ ጎማ፣ ከዚያ ኮፈን፣ ከዚያ የሰው ቅርጽ ወጣ። ሚስትየዋ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። የሠላሳ ዓመት ልማዷ ነውና ተገልብጦ የወጣ ፊት ማንበብ አይቸግራትም። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ያንን ልጅ ምን አልኩት» አለች። «ምን አልኩት እኔ?»

አንባቢ ይታገሰኝ፤ ያየችው ነገር ሁሉም ባለበት ቢነገር ይሻላል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ፣ ገና ካልተነሳው ሬሳ አጠገብ ቆሙ። ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወጥቷል። ሹፌሩ እጁ ታስሮ መሬት መሬት ያያል። ሠዓሊው ባልዲው ላይ ነው። ባለመኪናው ባርኔጣውን አስተካክሎ ከአዛዡ ጎን ቆሟል፤ ሁለቱም ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ቶሎ በል» አለ አዛዡ።

«ቶሎ እላለሁ» አለ መርማሪው። «አደጋ ነው ተባለ። አደጋ ግን ስድስት እርምጃ ሄዶ የካሜራ ሳጥን አይከፍትም። ሽማግሌው ማኒቬላው ላይ ሲሞቱ እዚህ ሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ፎቶው እንዲጠፋ ፈልጓል። ለምን ፈለገ? በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ማን ነው የሚለውን እንይ። የከፈተው አንዱን ፊት ብቻ ነው። ሳጥኑ ሁለት ፊት እንዳለው እትዬ ያውቃሉ፣ ሠዓሊው እዚህ ቤት ነው የኖረው፣ ሹፌሩ ሁለት ዓመት ተሸክሞታል። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ያቃጥላል። የከፈተው አንድ ሳጥን አንድ ፎቶ የሚመስለው ሰው ነው።»

ባለመኪናው ሳቀ። «ይሄ ሁሉ ለሳጥን ነው?»

«ሠዓሊው መኪናዋን ይጠላሉ» ሲል ቀጠለ፣ እንዳልሰማ ሆኖ። «ነገር ግን ወንድማቸውን ሊያድኑ በሁለት እጃቸው ገፏት፣ አሻራቸው ይኸው ኮፈኑ ላይ አለ። ማርሽ መፍታት የማያውቅ ሰው ማርሽ ማስገባት ከየት ያውቃል? ማርሽ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሹፌሩና እርስዎ።»

«ሹፌሩ አምኗል!» አለ አዛዡ።

«አምኗል። አንድ ሰው ‹እጄ ረስቶ ይሆናል› ብሎ ሲያለቅስ ማመን ነው ካልን። ጌታዬ፣ እርስዎ ዛሬ ጧት መኪናዋ ላይ አልወጣሁም፣ ፎቶም አልተነሳሁም ብለውኛል። በቃልዎ አሉ?»

«አለሁ!»

መርማሪው ወደ ሚስትየዋ ዞረ። ፀሐዩ ላይ ካስቀመጠችው የእንጨት ፍሬም ውስጥ አንድ ወረቀት መዝዛ አወጣች። ገና እርጥብ ይመስላል፤ ቀለሙ ቡናማ ነው። ባለመኪናው መሪውን ጨብጦ፣ መነጽሩን ባርኔጣው ላይ ሰክቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይታያል። ጋሽ አትነቃነቅ ያነሳው የመጨረሻው ፎቶ እጅግ ያማረ ነው፤ የኮቱ ቁልፎች ቀዳዳ እንኳ ይቆጠራል።

አዛዡ አንገቱን አስግጎ ወደ ፎቶው ተጠጋ።

«ፊቱን ተዉት» አለ መርማሪው። «ከክንዱ ስር ያሉትን ሁለት ዘንጎች እዩ። የፍሬኑ ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል፣ ተይዟል ማለት ነው። የማርሹ ዘንግ መሐል ላይ ቆሟል፤ ማርሹ ተፈትቷል ማለት ነው። ሹፌሩ መኪናዋን የተዋት እንዲህ አድርጎ ነው። ከዚህ ፎቶ በኋላ ነው አንድ እጅ ፍሬኑን ለቆ ማርሹን ያስገባው። መሪው ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ደግሞ ታያላችሁ።»

«ከዚያ በኋላ ወርጄ ሄጃለሁ!» አለ ባለመኪናው፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ሽማግሌው ራሱ ነካክቶት ይሆናል!»

«ሽማግሌው ነካክተው፣ ሞተው፣ ተነሥተው ሳጥኑን ከፈቱ? አሁን ለምን የሚለው ይቀራል። ጋሽ አትነቃነቅ ይህችን መኪና በየሳምንቱ ያነሷት ነበር። ሐሙስ ዕለት ሁለት ፎቶ አስተያዩ። ዛሬ ወረቀቶቹን ለመኪናዋ ባለቤት ሊያሳዩ ኪሳቸው ከተቱ፤ ከኪሳቸው ጠፍተዋል። እርስዎ እንግዲህ ወረቀቱን የያዘ ነገሩን የያዘ መሰለዎት። ወረቀት ከመስታወት ነው የሚወለደው፤ መስታወቶቹ በእትዬ ሣጥን ውስጥ በቀናቸው ተቀምጠዋል።»

ሚስትየዋ ሁለት ሌሎች ወረቀቶች ዘረጋች። በመጀመሪያው የመኪናዋ የፊት መብራቶች መስታወት ሸንተረር አለው። በሳምንቱ በተነሳው ልሙጥ ነው፤ የቀኙ ጭቃ መከላከያም በመዶሻ የተቃና ይመስላል። መርማሪው መሐረቡን ፈትቶ ስባሪውን ከመጀመሪያው ፎቶ ጎን አኖረው። ያው ሸንተረር ነው።

«በእነዚህ ሁለት ቅዳሜዎች መካከል፣ ረቡዕ፣ መንገድ ጠራጊዋ ሞተች። ረቡዕ ሹፌሩ ታሞ ተኝቶ ነበር። መኪናዋም ተቆልፋለች ተባለ» አለ መርማሪው።

አዛዡ ላቡን ሳይጠርግ ከባለመኪናው ጎን አንድ እርምጃ ራቀ።

ባለመኪናው ፎቶውን፣ የራሱን ፎቶ፣ አተኩሮ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን መናገር ጀመረ። «ራስህ ሄደህ ንገር አለኝ። ‹ሴትየዋ ልጆች አሏት፣ እኔ አልናገርብህም፣ አንተ ራስህ ንገር› አለኝ። እሺ አልኩት። ‹አስነሳልኝ፣ አሁኑኑ በእሷው እሄዳለሁ› አልኩት።» ባርኔጣውን አወለቀ። «ደስ ብሎት ነው ያዞረው። ‹ጎሽ፣ ጎሽ የኔ ልጅ› እያለ ነው ያዞረው።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ከደነች። ሠዓሊው ከባልዲው ተነስቶ ወደ ሰውየው ሲሄድ ሁለት ፖሊሶች መሐል ገቡ። አዛዡ «እሰሩት» አለ፤ እንደ ወትሮው ሳይጮህ።

ከሹፌሩ እጅ የወጣው ካቴና ባለመኪናው እጅ ገባ። ሹፌሩ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። የተፈታ እጁን አንከርፍፎ ቆሞ ፎቶውን ያያል። ባለመኪናውን አይደለም የሚያየው፤ ከክንዱ ስር ያለውን ዘንግ ነው።

«ተፈትቷል?» አለ።

«ተፈትቷል» አለው መርማሪው።

«ፍሬኑስ?»

«ይዘኸዋል። እየው እንጂ፣ ተስቧል።»

«አልረሳሁም ማለት ነው።» ሁለት ጊዜ ደጋገመው። በሦስተኛው ሬሳው አጠገብ ቁጭ አለ፤ ወዲያው የሰራውን አውቆ ደንግጦ ሊነሳ ሞከረ። «ይቅርታ እትዬ፣ አልነካሁትም፣ አልነካሁትም…»

ሚስትየዋ መጥታ ትከሻውን ተጫነችው፤ አልተነሳም። የታጠበ መስታወትና መድኃኒት የሚሸት እጇን ከትከሻው አላነሳችም።

«ነገ ሲወጣ» አለች በመጨረሻ፣ «በራስጌው በኩል የምትሸከመው አንተ ነህ።»